የአያ ጅቦ ሰፊ ማቆያ

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት የጋራ ኮምፒውተር ነበራቸው። የሚላክላቸው መልእክት ሁሉ እስኪነበብ ድረስ በየስማቸው በተከፈተ ማቆያ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ማቆያው ስንት መልእክት እንደሚይዝ የሚወሰነው ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ አስኳል ውስጥ ነው፤ ያንን ገደብ የምትቀይረው ደግሞ ቀበሮ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ጅብ እያለከለከ መጣ። «እመት ቀበሮ፣ ማቆያዬ ሞልቶ የሁለት በሬ ጥንብ ወሬ አመለጠኝ። ገደቡን ከፍ አድርጊልኝ።»

«መልእክቱ ሁሉ የሚቀመጥበት ሚሞሪ እኮ የሁሉም ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጉበት ግን እወዳለሁ» አለችው።

ጉበቱ በማግስቱ መጣ፤ የጅብ ገደብም ከሃያ ወደ አሥር ሺህ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ የወደቀ ከብት ወሬ ሁሉ ለጅብ ይመጣል፣ ይከማቻል። እሱ ግን ከፊተኛው ጀምሮ በተራ የሚያነብ፣ ሁለት አንብቦ ሦስተኛው ላይ የሚያንኮራፋ ፍጡር ነው።

አህያ ይህን አታውቅም። ዓይነ ስውር እናቷን ወንዝ ዳር ለግጦሽ ትታ ሥራ የምትውለው ጉሬዛን አምና ነበር። ጉሬዛ ከወንዙ ላይ በኩል ሆኖ ውሃው ሲሞላ መልእክት ይልክላታል፤ እሷም ሮጣ እናቷን ታወጣለች። በዚያ ክረምት አንድ ቀን ማቆያዋን ደጋግማ አየች፤ ባዶ ነው። ጎርፉ እናቷን ይዞ ሄደ።

አህያ አንበሳ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ጉሬዛ ሦስት ጊዜ ልኮልኛል። የእኔ ድርሻ ሃያ ነው፤ ሚሞሪውን የጅብ ጥንብ ወሬ ስለሞላው ለአንዲት መልእክት እንኳ ቦታ አጣሁ። በምን ፍርድ ነው?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ጅብ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። «የእኔንም ዋሻ ውሃ ወስዶታል። ጉሬዛ ለምን አልነገረኝም?»

አንበሳ የጅብን ማቆያ አስከፈተ። የጉሬዛ ማስጠንቀቂያ እዚያው ነበረ፤ ከአራት ሺህ የጥንብ ወሬ ኋላ የመጨረሻዋን ቦታ ይዞ ተሰልፏል።

«አዩ ጌታዬ፣ አንድም አልጠፋብኝም» አለ ጅብ ደስ ብሎት።

አህያ ወደ እሱ ዞር እንኳ አላለችም። ቀበሮን ትክ ብላ አየቻት። «እሱስ ሞኝ ነው። አንቺ ግን ታውቂ ነበር» አለቻት።

አንበሳ ቀበሮን ሻረ፤ የጅብም ገደብ ያንኑ ዕለት ወደ ሃያ ተመለሰ። የአህያ እናት ግን አልተመለሰችም።

ከዚህ የምንማረው የጋራውን ገደብ በጉቦ ለአንድ ሆዳም የሚያሰፋ የሌላውን ድርሻ እንደሚቀማ፣ ሆዳሙንም እንኳ እንደማያድነው ነው።