ቤታቸውን ሳያዞሩ የቀሩ ሰዎች

ይህን ተረት ለልጄ ስነግረው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እማ፣ አሸዋው አፋቸው ውስጥ እያለ ቀበሮውን ለምን አመኑት?» ይለኛል። እስቲ እናንተም ስሙት።

በድሮ ዘመን፣ ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት የባሕር ዳር፣ በሰሌን ቤት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ደጎች ነበሩ፤ የነገሯቸውን ያምናሉ። አንድ ቀበሮም ነበረ። እሱ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ዓሣም ይወዳል።

የሰሌን ቤት ይነቀላል፣ ይዞራል። በብርዱ ወራት ባሕሩ ስለሚቆጣ በራቸውን ወደ በረሃው ያደርጉታል። በሙቀቱ ወራት ግን ከበረሃው አቧራ የያዘ ንፋስ ይመጣል። ያኔ ቤቱን ነቅለው በሩን ወደ ባሕሩ ያዞሩታል። ባሕሩም ያኔ ይረጋል። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በባሕሩ በኩል ቆጥ ላይ ያደርቁታል፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ቀበሮው ይህን አየና አሰበ። በሩ ወደ በረሃው እንደ ዞረ ቢቀር ቆጡን ማን ያየዋል?

የእነዚያ ሰዎች ልማድ ዳጉ ነው። መንገደኛ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ያየውን ይናገራል፣ እነሱም ያዩትን ይነግሩታል። ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ ማን እንደ ታመመ። በዳጉ ማንም ዋሽቶ አያውቅም ነበር።

ሙቀቱ ሊገባ ሲል ቀበሮው መጣና ሽማግሌው አባ ሁመድ ፊት ተቀመጠ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉት።

«ሰላም ነው። ንፋሱ ዘንድሮ በሌላ አገር በኩል ሄዷል። ቤት ስትነቅሉ አትድከሙ።»

ሰዎቹ ከድካሙ መዳናቸውን ሲያስቡ ደስ አላቸው። ቤታቸውን ሳያዞሩ ዓሣቸውን ቆጥ ላይ ሰቀሉ።

አቧራው መጣ። በበሩ ገባ፣ ውኃው ውስጥ ገባ፣ ዓይን ውስጥ ገባ። ቀበሮውን ጠየቁት። «ይሄ ንፋስ አይደለም፣ የግመሎች አቧራ ነው» አላቸው። «ዳጉ ነው፣ አይዋሽም» አሉ አባ ሁመድ። ከቆጡ ዓሣ ጎደለ። «አሞራ ነው» ተባባሉ።

አቧራው ባሰ። ቀበሮውን ጠየቁት። «ፍየሎች ተጣልተው ነው» አላቸው። «ዳጉ ነው፣ አይዋሽም» አሉ አባ ሁመድ፣ እየሳሉ። ከቆጡ ዓሣ ጎደለ። «አሞራ ነው» ተባባሉ።

ፀሐይዋ ራሷ ጠፋች። ቀበሮውን ጠየቁት። «እሱ ንፋሱ ሲሰናበት ነው» አላቸው። አባ ሁመድ «ዳጉ ነው» ሊሉ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው። ከቆጡ ዓሣ ጎደለ።

በመንደሩ መይረም የምትባል ሴት ነበረች። ሕፃን ልጅ አለቻት፣ ሰዓዳ። የሰዓዳ ደረት እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር፣ ስትተነፍስም ያፏጫል። መይረም ሻሿን በውኃ ነክራ በልጅቷ ፊት ላይ ትይዛለች። ሻሹ ይደርቃል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ታጥበዋለች። እንደገና ትይዛለች። ጡት ስትሰጣት ልጅቷ ለመጥባት ትንፋሽ አጣች።

ያኔ መይረም ተነሥታ የቤቷን እንጨት መንቀል ጀመረች።

ጎረቤቷ ዛህራ አየቻት። «መይረም፣ ከዳጉ ይልቅ ልጅሽ አወቀች?»

«ልጄ አላወቀችም። ሳሏ አወቀ።»

«አባ ሁመድን ውሸታም ልታሰኚያቸው ነው?»

«እሳቸውን አልሰደብኩም። ነይ፣ ያቺን እንጨት ያዥልኝ።»

ዛህራ አልያዘችላትም። መይረም ልጇን አዝላ፣ እንጨቱን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ እየተከለች፣ ሰሌኑን አለበሰችው። በሩ ወደ ባሕሩ ዞረ። ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ ልጇን ስታስተኛ፣ ቀና ብትል፣ ቆጡ ላይ ያለውን አየች።

«ዛህራ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነይ እስቲ፣ የአሞራውን ጅራት እዪ።»

ዛህራ መጣች፣ ሰዎቹም መጡ። ቀበሮው ዓሣ በአፉ እንደ ያዘ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

አባ ሁመድ እንዲህ ፈረዱበት። «አንመታህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዳጉህን የሚሰማ፣ ለአንተም ዳጉ የሚነግር የለም።»

ቀበሮው ሳቀ። «ዱላ መስሎኝ ፈርቼ ነበር» ብሎ ሄደ። በኋላ ግን ድርቅ መጣ። ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ውኃው የት እንዳለ መንገደኛውን ሁሉ ጠየቀ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡት አለፉት። ይኸው እስከ ዛሬ ምላሱን አውጥቶ ብቻውን ይዞራል።

መንደሩ ያን ቀን ቤቱን አዞረ። ሰዓዳም ሌሊቱን ጠባች። ሳሏ ግን ብርዱ እስኪገባ አለቀቃትም።

ተረቱ የሚለን ይሄን ነው፤ የሰው ወሬ ከመስማታችሁ በፊት የልጃችሁን ደረት ስሙ።

እኔ እሰማለሁ። የትንሿ ልጄ ደረት በዚህ ወር ያፏጫል። ቤታችን ግን የብሎኬት ነው፣ በሩም ወደ በረሃው ነው፣ አይዞርም። ስዘጋው ትታፈናለች፣ ስከፍተው አቧራው ይገባል። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ምን ላድርግ? ንገሩኝ።