በገጽ ሰማንያ ሦስት ያለው ወንድም

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የኮምፒውተር ጸሐፊው ስንታየሁ ነው። ሁለተኛው የአጥቢያዋ የቀድሞ ጸሐፊ፣ አሁን በጡረታ ያሉት ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ሦስተኛዋ እማማ ትርፌ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። እሳቸውን ማንም አልጠራቸውም፤ በራሳቸው ነው የመጡት።

አጥቢያዋ የሃምሳ ዓመት ታሪኳን በመጽሐፍ ልታሳትም ነበር። ስንታየሁ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገባውን የስም ማውጫ ያዘጋጃል። የሰው ስም ይጻፋል፤ ከጎኑ ደግሞ ያ ሰው የተጠቀሰባቸው ገጾች። ድሮ ቢሆን አንድ ሰው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ በእጁ ይለቅመው ነበር። ስንታየሁ ግን የድሮውንና የአሁኑን የአባላት ስም በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ አስገባ። የመጽሐፉንም ጽሑፍ በየገጹ ከፍሎ አስገባ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ከነገጹ፣ በፊደል ተራ ተደርድሮ ወጣ።

ለጨዋታ ያህል ሐዋርያው ጳውሎስንም ፈልጎት ነበር። በዘጠኝ ገጽ ተገኘ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን በሠላሳ አንድ ገጽ ተገኙ። ይህን ሲነግራቸው ጋሽ ማቴዎስ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እማማ ትርፌ አልሳቁም። እሳቸው የመጡት ለአንድ ስም ነው።

ወገኖቼ፣ እማማ ትርፌ ዘሪሁን የሚባል ልጅ ነበራቸው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ የጸሎት ቤቱ በር በታሸገበት ዘመን፣ የአባላቱ መዝገብ በፍተሻ እንዳይያዝ ብሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት በማለዳ ከቤት ወጣ። መዝገቡ ከአንድ ዘመድ ቤት ደረሰ። ዘሪሁን ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሬሳው አልተገኘም። መቃብር የለውም። ሌላዋ እናት ሄዳ ድንጋዩን ትዳብሳለች፤ እሳቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት የላቸውም። መጽሐፍ ሊታተም ነው ሲባል ከሰሙ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይመኛሉ፤ የልጃቸውን ስም በኅትመት አይተው ጣታቸውን ሊያሳርፉበት።

ስንታየሁ «ዘሪሁን ዳና» ብሎ ጻፈና ፈለገ። ኮምፒውተሩ ዜሮ አለ። እንደገና ፈለገ። ዜሮ።

«እማማ፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኼ ነገር ደግሞ አንድም ገጽ አይዘልም።»

«አለ እንጂ! የልጅ ልጄ አንብባልኛለች» አሉ እማማ ትርፌ። «አንድ ወንድም መዝገቡን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም ይላል። እሱ ዘሪሁን ነው። ሌላ ማን አለ?»

ስንታየሁ ምዕራፍ አምስትን ከፈተ። ዓረፍተ ነገሩ ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ አለ። እሱን የሚመስል ከዚያ በፊትም አለ፤ ከዚያ በኋላም አለ። አንድ ወንድም ቤቱን ለጸሎት ሰጠ። አንዲት እህት ለታሰሩት ስንቅ አመላለሰች። አንድ ወንድም ተገረፈ። ሃያ ሁለት ገጽ ሙሉ የአንድ ሰው ስም የለበትም። ለካስ ኮምፒውተሩ ያን ምዕራፍ ባዶውን አልፎታል፤ ስንታየሁም ልብ አላለም።

ይህን ማን እንደዚህ ጻፈው ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ማቴዎስ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እሳቸው እንደነበሩ፣ ደብተሩ ቢያዝ በውስጡ ስሙ የተገኘ ሁሉ እንደሚታሰር፣ ስለዚህም የማንንም ስም እንደማይጽፉ ነገሩት። ለመጽሐፉ ሲገለብጡትም እንዳለ ገለበጡት።

«አሁን ማን ይይዘናል ብለው ነው፣ ጋሽ?» አለ ስንታየሁ።

«ማንም። እጄ ለምዶ ነው።»

እማማ ትርፌ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ማቴዎስ፣ ማን እንደነበረ አንተ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ትርፌ።»

«እንግዲያው ንገረው። ከኔ አፍ ሳይሆን ካንተ አፍ ልስማው።»

ጋሽ ማቴዎስ ወደ ስንታየሁ ዞሩ። ከዚያም «ዘሪሁን ዳና» አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚች እናት ፊት ይህን ስም ጠርተውት አያውቁም ነበር።

ስንታየሁ ከስሙ ጎን ገጽ ሰማንያ ሦስት ብሎ ጻፈ። ዝርዝሩ ራሱን አስተካከለ፤ ዘሪሁን በዘለቀና በዘውዴ መካከል ገባ። እማማ ትርፌ ጣታቸውን በኮምፒውተሩ መስታወት፣ በስሙ ላይ አሳረፉ። ስንታየሁ ወደ ሌላ ገጽ ሊያልፍ ሲል «ትንሽ ቆይ» አሉት። ቆየ።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ተቀምጠው እያንዳንዱን «አንድ ወንድም»፣ እያንዳንዷን «አንዲት እህት» እየፈለጉ ማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ተጠያየቁ። ሃያ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ማቴዎስና እማማ ትርፌ ተጋግዘው አሥራ አምስቱን አስታወሱ።

ወገኖቼ፣ ጋሽ ማቴዎስ ስም ያልጻፉት በፍቅር ነው። እኛስ ስም የማንጠራው በምንድን ነው? ዛሬ በር የከፈተላችሁን ሰው ዘበኛው ትሉታላችሁ፤ ስሙ ማን ነው? የተቀመጣችሁበትን ወንበር ያጸዳችውን ሴትዮዋ ትሏታላችሁ፤ ስሟ ማን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባችሁ ተንበርክኮ የጸለየላችሁ ሰውስ? ሆስፒታል ተኝታችሁ ሳለ ምሳ ይዛ የመጣችውስ?

ጌታ ያውቃቸዋል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያውቃቸዋል። እማማ ትርፌም ይህን ያምናሉ። ግን ያን ቅዳሜ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው የቢሮውን ዳገት የወጡት ስሙን በኅትመት ሊያዩ ነው፤ እዚያ ሲደርሱም ከሰው አፍ ልስማው አሉ። በየቤታችሁ አንድ ስም የሚናፍቅ ሰው አለ፤ የሚያውቁትም እያረጁ ነው። ሳትዘገዩ ጠይቁ። ስታውቁም ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጥሩ።

መጽሐፉ በሰኔ ታተመ። በማውጫው መጨረሻ ላይ ስም የሌለባቸው፣ የገጽ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው አሥራ አንድ መስመሮች አሉ። እስከ ዛሬ የአንዳቸውም ስም አልተገኘም።