ፀሐይ ያላየው ከበሮ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ አብራኝ ለኖረችው እህቴም ቢሆን። መዝሙር እደርሳለሁ። ኮሌጅ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ እደርሳለሁ፤ ዜማውንም ራሴ አወጣለታለሁ። የምዘምረው ግን ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ ነበር። ስጨርስም «ይሄም መዝሙር ተብሎ!» እልና እተወዋለሁ።

የማስተምረው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ዓመት ርእሰ መምህሩ ሰበሰቡንና ለወላጆች ቀን አዲስ መዝሙር ያለው መምህር ነገ ጠዋት በሰልፍ ላይ እንዲያሰማ፣ ካልተገኘ ግን የተለመደው እንደሚደገም ነገሩን። የተለመደውን ልጆቹ እያዛጉ ነው የሚዘምሩት። እኔ ደግሞ ለእነሱ ብዬ የደረስኩት አለኝ። እጄን ላወጣ አልኩና አንገቴን አከክሁበት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤታችን መሪጌታ ዘለቀ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መሪጌታ፣ ሰው የሠራው ነገር ለሰው ጆሮ መብቃቱን በምን ያውቃል?» አልኳቸው።

«ማን ነው የሠራው?»

«አንዲት የማውቃት ሴት ናት።»

«እህ፣ የምታውቂያት ሴት» አሉና አጠገባቸው ያለውን በርጩማ አሳዩኝ። «እንግዲያው ቁጭ በይና ስሚላት።»

እንዲህም ብለው ነገሩኝ፦

«ከበሮ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። አባቱ በአገሩ የታወቀ ከበሮ ሠሪ ነበር። አባቱ ሲሞት ልጁ እንጨቱን ፈልፍሎ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ በጠፍር አስሮ የራሱን የመጀመሪያ ከበሮ ሠራ። ሰዎች ከአባቱ ሥራ ጋር እንዳያወዳድሩበት ስለ ፈራ ግን ከዕቃ ቤት አላወጣውም። እዚያው ጨለማ ውስጥ ገብቶ መታ ያደርገዋል፤ ከበሮው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ‹ቆዳው አልሆነም› ይልና ፈትቶ እንደገና ይወጥረዋል፤ አሁንም ያው ነው።

«የሌላ ሰው ከበሮ ሲበላሽ ይጠግናል። ጠግኖም ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ቆዳ ሳይሞቅ እንደማይጮህ ከአባቱ ተምሯልና። የራሱን ደጅ ቢያወጣው ግን አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ስለዚህ አላሞቀውም። ስላላሞቀው አልጮኸም። ባልጮኸ ቁጥር ‹ይኸው፣ እኔ አልችልም› ይላል።

«አንድ ቀን በመንደሩ ሰርግ ሆነ። ሚዜዎቹ ገና ሳይደርሱ የሙሽራዋ ቤት ከበሮ ተቀደደ። የሙሽራዋ አክስት ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ መጣች። ‹ከበሮ የለህም?› አለችው። ‹አለኝ፤ ግን አይጮህም› አላት። ‹አንተ ሰው! ልጃገረዶቹ ጀሪካን እየመቱ ነው። ከጀሪካን ያንሳል?› አለችው።

«ገብቶ ከበሮውን ተሸክሞ ወጣና ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። መንገደኛው ቆመ። አንዱ ‹የአባቱን አያክልም› አለ። ሰውየው ሰማ፤ ቢሆንም ከበሮውን መልሶ አላስገባውም። ቆዳው ሲሞቅ በመዳፉ መታው። ድምፁ አጥሩን አልፎ ሄደ። አክስቲቱ እልልታዋን አቀለጠችው። እሱም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት እየመታ ሰርግ ቤት ገባ፤ ጀምበር እስክትጠልቅም ተጨፈረበት። ያ ‹አያክልም› ያለው ሰው እንኳ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ ሲጠይቁ ሰውየው ‹የእኔ ነው› አለ።»

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የቆዳው አልነበረም፤ የተቀመጠበት ቤት ነበር። አንቺም ተሸሽጎ የተዘመረ መዝሙር ድፍን ቢልሽ አትፍረጂበት። የከበሮ ሙቀቱ ፀሐይ ነው፤ የመዝሙር ሙቀቱ የሰው ፊት ነው። መጀመሪያ አውጪው፤ ከዚያ ድምፁን ትሰሚዋለሽ።»

«እኔ እኮ ስለ አንዲት ሴት ነው የጠየቅሁዎ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ግድግዳችን ስስ መሆኑን ግን ንገሪያት።»

በማግስቱ ጠዋት ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩ «መዝሙር ያለው አለ?» ሲሉ «እኔ አለኝ» አልኩ። ሰልፉ ፊት ወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስጀምር ድምፄ ተሰበረ፤ ከፊት የቆሙት ትንንሾቹ ሳቁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። አዝማቹን ስደጋግመው እነዚያው የሳቁት ያዙት፤ ከኋላ ያሉት ተቀበሏቸው፤ ግቢው በሙሉ ዘመረ። የክፍል ደወል ተደወለ፤ ማንም ከሰልፉ አልወጣም። እኔም በሙሉ ድምፄ ከመጀመሪያው አስጀመርኳቸው።