ደፉን የማይሳለሙት የእንዳ ጸራቢ ሰዎች

ከአክሱም በስተምሥራቅ ሁለት ቀን በእግር ተሂዶ፣ ከአንድ ቀይ ገደል ሥር እንዳ ጸራቢ የምትባል መንደር አለች። «የጠራቢው ቤት» ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናት፤ እንግዳ ሆኖ በሯ ላይ የደረሰ ሰው ግን አንድ ነገር አይቶ ይደነግጣል። በሌላው አገር ምእመን መቃኑንም ደፉንም ተሳልሞ ሲገባ፣ የእንዳ ጸራቢ ሰዎች መቃኑን ግራና ቀኝ ይሳለሙና ደፉን፣ ያንን ሰፊ ጥቁር ድንጋይ፣ በባዶ እግራቸው ረግጠውት ያልፋሉ። ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ ሊሳለመው የቃጣ ቢኖር ከኋላው ያሉት ሰዎች ትከሻውን ይዘው «ተው፣ እሱን አንሳለመውም» ይሉታል። ለምን ብሎ ለጠየቀ የአገሩ ሽማግሌዎች ቶሎ አይመልሱም፤ አንዴ ከጀመሩ ደግሞ ቶሎ አይጨርሱም።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የሆነው አገሩ ገና ሳይጠመቅ፣ የሮም መርከቦች ወይንና ዘይት ይዘው አዱሊስ ወደብ በሚራገፉበትና የዝሆን ጥርስ ጭነው በሚመለሱበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ ቀይ ገደል ሥር ዓይጋ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ይኖር ነበር። ዓይጋ መሮውን ሲያሳርፍ ድንጋዩ እንደ ቅቤ ይቆረጥለት ነበር ይባላል። የልጅ ልጆቹ ትንሽ ሳያጋንኑ አልቀሩም፤ ቢሆንም ለነገሥታቱ ሐውልት ድንጋይ ሲመረጥ ከዓይጋ ሳይማከሩ የሚጀምሩት ሥራ እንዳልነበረ ሁሉም ይስማማል። ዓይጋም ይህን ያውቃል፤ ትዕቢቱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባ ነበር ይላሉ።

ጠራቢዎቹ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ቃል ገብቶ የመጀመሪያውን መዶሻ ያሳረፈበትን ድንጋይ ለባለቤቱ ያላስረከበ ጠራቢ መዶሻውን ያስቀምጣል፤ እስኪሞት ድረስም አያነሣውም። ጠራቢ በእጁ አስተካክሎ ያስተኛውን ድንጋይ ደግሞ ከራሱ ከጠራቢው በቀር የሚያነሣው የለም፤ እሱም ቢሆን መዶሻ ያለው ሲሆን ነው። እንዲሁም ጠራቢ ድንጋዩ ለምን እንደሚሆን አይጠይቅም። ይህ የመጨረሻው ነው ዓይጋን መከራ ውስጥ የከተተው።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ እንደተከፈተ፣ ሉኪያኖስ የሚባል ከሲታ ሮማዊ ከነጋዴዎች ግመል ኋላ እየተጎተተ መጣ። በአገሩ በመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ይቀርጽ የነበረ ሰው ነው። ለቄሣር ምስል አላጥንም በማለቱ ወንድሙ በአደባባይ ለአውሬ ሲሰጥ፣ እሱ በመርከብ ሆድ ተሸሽጎ አመለጠ። ዓይጋ ስለ ቄሣርም ስለ ክርስቶስም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሰውየው ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ ዳር ቁጭ ብሎ የወደቀ መሮ ሲያነሣ አያያዙን አየና «ይህስ የእኛው ሰው ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉኪያኖስ ከዓይጋ ገበታ በላ፤ ከዓይጋ ጎን ጠረበ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቃስዮስ የሚባል የሮም ነጋዴዎች አለቃ በበቅሎ መጣ። በመዳብ ላይ የተሠራ የአንድ ሰው ፊት አሳየና፣ ያንኑ በሦስት ክንድ ድንጋይ ላይ አጉልቶ እንዲቀርጽለት ዓይጋን ለመነው። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ፊት የሚያወጣ እጅ አንድ ነው አሉኝ» አለው። ዓይጋ ይህን ሰምቶ እንዴት እምቢ ይበል! እዚያው ጥቁሩን ድንጋይ መረጠ፤ ቃል ገባ፤ የመጀመሪያውን መዶሻም አሳረፈ።

ግንባሩ ወጥቶ ዓይኖቹ እንደተገለጡ ሉኪያኖስ ድንጋዩን አየና መሮው ከእጁ ወደቀ። ዓይጋ «ምን ሆንህ?» ቢለው፣ «ወንድሜን የበላው ይህ ፊት ነው» አለ። ከዚያም የቄሣር ፊት መሆኑን ነግሮ ነገሩን ገለጠለት። ድንጋዩ በሮም ነጋዴዎች ገበያ መካከል ይቆማል፤ ከሮም የመጣ ሁሉ አንድ በአንድ እየቀረበ ያጥንለታል፤ ያላጠነ ታስሮ በመርከብ ይመለሳል።

«ታዲያ አንተስ?» አለ ዓይጋ።

«እኔማ አላጥንም» አለ ሉኪያኖስ። «አንተ ግን ቃልህን አታፍርስ። መዶሻ የሌለው ዓይጋ ምን ይባላል?»

ይህ ንግግር ዓይጋን እንቅልፍ ነሣው። ድንጋዩን ካስረከበ እንግዳውን በገዛ እጁ አሳልፎ መስጠቱ ነው፤ ካላስረከበ ደግሞ የሚያውቀውና የሚታወቅበት ነገር ሁሉ ይቀራል። በመጨረሻ ሚስቱን ምጽላልን አማከራት፤ «ቃል ገብቻለሁ፤ ጠራቢ ቃሉን ይበላል?» አላት። ምጽላል ነገር አታስረዝምም ነበር ይባላል።

«አንተ ሰው፣ ለቃስዮስ ቃል የሰጠኸው ገና ትናንት ነው» አለችው። «ለዚህ ሰው እንጀራ ቆርሰህ ስታጎርሰው የሰጠኸውስ ምንድን ነው? ገበታህ ቃል የለውም?»

ዓይጋ በማለዳ ወደ ካባው ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ጎረቤቶቹ አሙት፤ ሉኪያኖስ ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረውም። ዓይጋ በሕይወቱ እንደዚያ ተጨንቆ ጠርቦ አያውቅም፤ ጆሮውን፣ አገጩን፣ የከንፈሩን መስመር ሳይቀር አወጣው። ሠርቶ ያልጨረሰውን አልሰጥም ማለት፣ አቃተው ያሰኛል፤ ይህን ደግሞ ዓይጋ ሞቶ አይፈቅድም።

የማስረከቢያው ቀን ቃስዮስ ሰዎቹንና በሬዎቹን አስከትሎ ረፋድ ላይ ደረሰ። መንደርተኛው ሁሉ ወጥቷል። ዓይጋ ከካባው ሠራተኞች ጋር ድንጋዩን እየጎተተ አመጣና ከቤቱ በር ፊት አቆመው። ቃስዮስ ፊቱን አይቶ «ሕያው ነው!» ብሎ ጮኸ። ዓይጋ አመስግኖ እጅ ነሣ። ቀጥሎ ለሰዎቹ ምልክት ሰጠና ድንጋዩን በግንባሩ ደፍተው፣ በበሩ ሥር ተቆፍሮ በቆየው ጉድጓድ ውስጥ አስተኙት። ዓይጋ ተንበርክኮ ዳር ዳሩን በጠጠር አጠበቀ፤ መዶሻውንም በላዩ አኖረው።

«ድንጋዩ አልቋል፤ ሁላችሁም አይታችኋል» አለ። «ግን አልሰጥም። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዓይጋ ጠራቢ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ወደ ሉኪያኖስ ዞሮ «ግባ፣ ምሳ ቀርቧል» አለው። ሉኪያኖስ እያለቀሰ ድንጋዩን ረግጦ ገባ፤ ዓይጋም ተከተለው።

ቃስዮስ ተቆጣ፤ መንደርተኛው በቆመበት የራሱ ሰዎች ድንጋዩን ሊነኩ ስላልደፈሩ፣ እንዲያነሡለት ጠራቢዎቹን አንድ በአንድ ለመነ፤ ከዚያም አስፈራራ። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ያስተኛው ሰው ያንሣው» አሉት። ያስተኛው ሰው ደግሞ መዶሻ የለውም። ጉዳዩ እስከ አገሩ ገዥ ቢደርስም፣ ገዥው ሁለቱን ሕጎች ሰምቶ ሳቀና «በጠራቢዎች ሕግ እኔም አልገባም» ብሎ አሰናበተው ይባላል። ድንጋዩ የእሱ ነው ብሎ የሚከራከርለት ጠፍቶ፣ ቃስዮስ በመጣበት በቅሎ ተመለሰ።

ዓይጋ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ። መዶሻ አልነካም። ሙያውን ላስተማራቸው ደቀ መዛሙርቱ ጭቃ እያቦካ፣ ውኃ እየቀዳ ኖረ፤ እጁ ሲበላውም ዝም ብሎ መዳፉን በድንጋይ ላይ ያሻሽ ነበር። ሉኪያኖስ ስለ አምላኩ ሲነግረው ረጅም ጊዜ ሰምቶ፣ በእርጅናው ከነምጽላል ተጠመቀ። በቤቱም ውስጥ ጥቂት ሰዎች መጸለይ ጀመሩ። ዘመን አልፎ ሮምም ራሷ ተጠመቀች፤ የዚያን የተፈራ ቄሣር ስም እንኳ እዚህ አገር የሚያስታውሰው ጠፋ። የዓይጋ ቤትም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ግድግዳውን አፍርሰው እንደገና ሠሩት፤ ደፉን ግን የነካው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የተማረ ሰው መጥቶ፣ ከሥሩ በእርግጥ ፊት መኖሩን ለማየት ድንጋዩን ለአፍታ እንዲያነሡለት ለመነ፤ መልሶ እንደ ነበረ እንደሚያስተኛውም ማለ። ሽማግሌዎቹ ከአንድ ዛፍ ሥር ረጅም ሰዓት ተመካከሩ። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ፣ ራሳቸውም ድንጋይ ጠራቢ የነበሩት፣ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ፊቱን ማየት ከፈለግህ ሮም አገር ሞልቷል ይላሉ» አሉት። «እኛ ዘንድ ያለው ጀርባው ነው፤ ና፣ ረግጠህ ግባ።»