የፊታውራሪ ጓንጉል አክሲዮን

ዘመኑ ስለራቀ የብሩን ልክ ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር።

ፊታውራሪ ጓንጉል የኑግ ዘይት መጭመቂያ አቋቁመው አክሲዮን መሸጥ ጀመሩ። አንዱ አክሲዮን በዓመት አሥር ብር ያተርፋል፤ እሳቸው የሚሸጡት ግን በአራት መቶ ብር ነው። ይህን ያህል ቸርነት አሳይተው እንኳ ምስጋና ቢሱ የከተማ ሰው አልገዛ አላቸው።

አንድ ቀን ኑግ የሚያመላልስላቸውን ባለጋሪ በሠራተኞቻቸው ፊት አስቆሙት። ባለጋሪው ከእሳቸው ጭነት ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

«ስማ አንተ፣ አክሲዮናቸው ውድ ነው እያልክ ታወራለህ አሉ። በል እዚሁ ተናገር! ውድ ነው ካልክ ስሜን አጥፍተሃልና ከዛሬ ጀምሮ በደጄ አታልፍም። ዋጋው ተገቢ ነው ካልክ ደግሞ ትገዛለህ።»

ባለጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ኧረ ተገቢ ነው ጌታዬ! የዓመት ትርፉ አርባ እጥፍ ብቻ እኮ ነው። አንድ ምን ያደርግልኛል፣ አምስት እገዛለሁ። ጥሬ ገንዘብ ስለሌለኝ ግን ፈረሴን በዚሁ በእርስዎ ሚዛን ይግዙኝ። የገብሱ ወጪ ተቀንሶ በዓመት ሃምሳ ብር ያተርፍልኛል፤ ሁለት ሺህ ብር ይስጡኝ።»

«አብደሃል እንዴ!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ። «ያወጣሁትን እስኪመልስልኝ አርባ ዓመት ልቀመጥ? በዚህ ዋጋ የሚገዛ ጅል ከየት ይመጣል?»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ ባለጋሪው። «እኔ ብናገረው ስም ማጥፋት ይሆንብኝ ነበር።»

የእነሱን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በመስቀል ማግስት ነው። ያን ዕለት አክሲዮኑ ወደ መቶ ብር ወርዶ ነበር፤ ባለጋሪውም በፊታውራሪ ግቢ ኑጉን እያራገፈ ነበር።