ያልተበላበት ሳህን

አንድ ፊልም የሚያስረዳ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ «ፊልም ኮንቲኔንታል ለሚባለው ለአውሮፓውያኑ ፍልስፍና ምኑ ነው? ምሳሌ ማቅረቢያ ብቻ ከሆነ ምዕራፉን ከመመረቂያ ጽሑፌ ላውጣው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

የሰውየው አባት የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። እሱ ደግሞ ጀርመን አገር ሄዶ ፍልስፍና ተማረ። ስለ ጊዜ፣ ስለ መኖርና ስለ አለመኖር የሚጽፉትን እነዚያን ከባድ ሊቃውንት አንብቦ፣ በአለመኖር ላይ የራሱን ድርሳን ጽፎ፣ ተመርቆ ተመለሰ። የትውልድ ከተማው ሰው ግን እህል የሚፈጭለትና ራዲዮ የሚጠግንለት እንጂ ፍልስፍና የሚያስተምረው አልፈለገም። ሰውየው አሰበና ቪዲዮ ቤት ከፈተ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ዴክና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ካራቴ ሲያሳዩ እሱ ከባሕር ማዶ ያመጣቸውን ዝግ ያሉ ፊልሞች ያሳይ ጀመር። መራራ መድኃኒት በማር እንደሚለወስ ሁሉ ፍልስፍናዬን በፊልም ለውሼ አጎርሳቸዋለሁ ብሎ ነበር።

አንድ ልማድ ግን ከአባቱ ጉባኤ ቤት ይዞ መጥቷል። እዚያ ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ያስቆሙትና ትርጓሜውን ያወርዳሉ። «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሌላ። ልጃቸው ቴሌቪዥኑንም እንደ ብራና ቆጠረው። በፊልሙ ውስጥ በር ከተከፈተ ዴኩን ያቆምና በዱላው እየጠቆመ፣ «በር ማለት የመኖር ደጃፍ ነው፤ አንድም የሞት ደጃፍ ነው» ይላል። ዝናብ ከዘነበም ያቆመዋል። የከተማው ሰው ለጨዋታ አያንስምና ስሙን «አቶ አንድም» አለው።

ከሁሉ የሚወደው አንድ ፊልም ነበረው። አንዲት አሮጊት ለሁለት ሰው ማዕድ ታሰናዳለች፤ ብቻዋን ትበላለች፤ ከዚያ የበላችበትንም ያልተበላበትንም ሳህን አንስታ ወደ ውሃው ትሄዳለች። እዚህ ላይ ዴኩን ያቆመዋል። «ባልዋ ሞቷል። ይህ ሳህን የአለመኖር ምልክት ነው፤ አንድም ጊዜ ራሱ ነው። ሴትየዋ አጥባ ወደ መደርደሪያው ስትመልሰው ከሞት ጋር ትታረቃለች» ይላል። ማብራሪያው ስለሚረዝም፣ የቀረውን አሳልፎ ወደ ፊልሙ መጨረሻ ይሻገራል።

በወንበሮቹ ላይ የሚቀመጠው ሰው እየሳሳ መጣ። አጎቱ፣ «ቤቱን ዝጋና ወፍጮ ቤቴ ግባ» አሉት። እሱም በመጪው እሑድ ሰው ካልመጣ ሊዘጋው፣ ፍልስፍና የሚባል ነገርም ዳግመኛ ከአፉ ላይወጣ ለራሱ ቆርጦ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጡት አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ አንዲት ልብስ ሰፊና ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የልብስ ሰፊዋ ባል መኪና ይዞ ወደ ሱዳን እንደሄደ ቀርቷል፤ ሞተ የሚል መርዶም፣ አለ የሚል ወሬም አልመጣላትም።

አሮጊቷ ሁለቱን ሳህን ስታነሳ ሰውየው እጁን ወደ ዴኩ ሰደደ።

«መምህር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «እባክዎ ዛሬ አያቁሙት። ይህች ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ሳህኗን አጥባ ስትጨርስ አላየናትም።»

«ካላስረዳኋችሁ ምን ይገባችኋል?»

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ካልገባን እንጠይቅዎታለን።»

ሰውየው ቱግ አለ። እኔ ዝም ካልሁ እዚህ ምን እሠራለሁ ሲል አሰበ። ሊመልስላት አፉን ከፈተና አንድ ነገር ትዝ ብሎት ዘጋው፤ ለካ እሱም ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ፊልም የሚያወራውን ሁሉ ያገኘው አንድ ሊቅ ከጻፉት መጽሐፍ ነበር። አፈረ። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ።

አሮጊቷ የበላችበትን ሳህን ቶሎ አጠበችው። ያልተበላበትን ግን ፊትና ጀርባውን እያገላበጠች፣ ሳትቸኩል አጠበችው። ከውሃው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው፤ ወደ መደርደሪያው ግን አልመለሰችውም። ገበታው ላይ፣ የባልዋ ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ ማንኪያም ጨመረችለት።

የሰውየው አባት የሞቱት እሱ ጀርመን ሳለ ነበር። ስለ አለመኖር ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ ለአባቱ አንድ ቀን አላለቀሰም። አሁን አለቀሰ።

ፊልሙ አለቀ፤ ማንም አልተነሳም።

«ንጹሑን ሳህን ምን አሳጠባት?» አለ ሾፌሩ።

«የሚመጣ ሰው ስላላት ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባይመጣስ?»

«ባይመጣም ሳህኑ የእሱ ነው።»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «የማይመጣን ሰው መጠበቅ፣ መጠበቅ ይባላል እንዴ?» አለ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሰውየው ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ ብዙ አንብበዋል። እነዚያ ሰዎች ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ?»

አገሩ ከገባ ጀምሮ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ሊቃውንቱ በዚህ ነገር እርስ በርስ እንደማይስማሙ ነገራቸው። «አንደኛው ግን እንዲህ ይሉ ነበር» አለ፣ «መምጫው የታወቀን ነገር የሚጠብቅ ሰው ቀን ይቆጥራል እንጂ አይጠብቅም። የሚጠብቀው መምጣቱን የማያውቅ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አጣፋች። «እኚህ ሰውዬ ጠብቀው ያውቃሉ» አለች። «ሌላስ ምን ብለዋል?»

ቤቱ አልተዘጋም። በሚቀጥለው እሑድ ሾፌሩ ወንድሙን ይዞ መጣ፤ ስለ ሳህኑ መንገድ ላይ ሲከራከሩ ነው የመጡት።

እንግዲህ ትርሲት፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ፍልስፍናሽን አስቀድመሽ ጨርሰሽዋል፤ ፊልሙን የፈለግሽው ጭነትሽን እንዲሸከምልሽ ነው። እንደዚያ ከሆነ እውነትሽን ነው፣ አያስፈልግሽም። ነገር ግን ፊልም የፍልስፍና አህያ አይደለም። ያቺ አሮጊት አንድ ቃል ሳትናገር በቤቱ የነበረውን ሰው ሁሉ አሳስባለች። ፍልስፍናም ከንቱ አልሆነም፤ ሰዎቹ የራሳቸው ቃል ባለቀበት ቦታ የእሱን ቃል ፈለጉ። ችግሩ ሰውየው ሳይጠየቅ መናገሩ ነበር። ስለዚህ ምዕራፉን አታውጪው። ዛሬ ቤትሽ ግቢና በምዕራፉ የምትጽፊበትን ፊልም ሳታቆሚ እስከ መጨረሻው እዪው። ነገ የገባሽን ሳይሆን ያልገባሽን ይዘሽልኝ ነዪ፤ መጻሕፍቱን ያኔ አብረን እንከፍታለን።