ወላጅ አምጪ

ርዕሰ መምህርት ሳለሁ፣ መራመድ የማትችል ልጅ አርፍደሻል ብዬ ከክፍሏ በር ላይ አስቁሜያለሁ። ማስተዋል ትባላለች። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ተሽከርካሪ ወንበሯ ደረጃ ስለማይወጣ፣ ጎመን ሻጭ እናቷ በየጠዋቱ አዝላት ትወጣለች፤ መሀል ላይ ቆመው ስለሚያርፉም ያረፍዳሉ።

የዚያን ቀን እናትየዋን እንዳላየ ሆኜ፣ "ማስተዋል፣ የአርፋጅ ደንብ ታውቂያለሽ። ወላጅ ሳታመጪ አትገቢም" አልኳት።

እናትየዋ ልጇን ጀርባዋ ላይ አመቻቸችና ፈገግ አለች።

"እትዬ፣ ከተማሪዎችዎ ሁሉ በየቀኑ ወላጅ የምታመጣው እሷ ብቻ ናት። ክፍሏን ታች ቢያደርጉላት ግን ወላጇን ጉሊት ትታ በሰዓቱ ትገባ ነበር።"

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። በማግስቱ ክፍሉን አወረድነው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። እናትየዋን ዓመት ሙሉ ልጇን ያሸከምኳት እኔ ነኝና፣ አንባቢዎቼ፣ ይቅር በሉኝ።